ሄልሜት ስለማጠብ



የዛሬው ርዕሴ ሄልሜት ማጠብ ነው። ርዕሱ ሲነገር ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አልቀየምም። ጁባ ላይ ኢትዮጵያውያን እሁድ ከሰዓት ከተሰበሰቡ አይቀር ስለ መኖሪያ ፈቃድ ወይም ስለ ፓውንድና ዶላር ምንዛሪ ቢወራ ይሻል ነበር የሚል ይኖራል። ያንን የሚያወራ ሰው አይጠፋም። ስለ ሄልሜት ሽታ ግን ተነስቶ ሲናገር የሰማሁት ሰው የለም፤ ሽታው ደግሞ በየቀኑ ሰውን ባዶ ራሱን ሞተር ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ለዛሬ እንኳ ሳንተፋፈር እንነጋገር፤ ሄልሜታችን ይከረፋል።

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ መውጫ ላይ ቆማችሁ ታዘቡ። ለተሳፋሪ ሁለተኛ ሄልሜት የሚይዝ ቦዳ ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ታክሲ፣ ብዙ አይደለም። የያዘውም ከመሪው ላይ አውርዶ ለአንዷ እህታችን ሲያቀብላት፣ ገና አገጯ ጋ ሳታደርሰው ፊቷን ታዞራለች። ገበሩ ከላብ ብዛት ጠቁሯል፤ ግንባር የሚያርፍበት ቦታ ላይ የደረቀ ጨው ነጭ መስመር ሠርቷል፤ የአገጭ ማሰሪያው እንደ ቆዳ ደርቋል። «ቅርብ ነው የምሄደው፣ ይቅርብኝ» ትለዋለች። ቅርብ ያለችው ከከተማው ዳር ያለውን ጉደሌን ነው። ሞተረኛውም አይከራከራትም፤ ሄልሜቱን ወደነበረበት ይመልስና ይነሳል። እዚያች ቅጽበት ላይ የጎደለው የትራፊክ ፖሊስ ወይም ደንብ አይደለም፤ አንድ ባልዲ ውሃና ትንሽ ሻምፖ ነው። የእኔ ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

የጁባ ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2013 የውጭ ዜጎች ቦዳ ቦዳ ነድተው ተሳፋሪ እንዳያጓጉዙ ከልክለው እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እዚህ የተቀመጥነውም አብዛኞቻችን ወይ ተሳፋሪዎች ነን፣ ወይ ለምግብ ቤታችንና ለሱቃችን ዕቃ ለማመላለስ በራሳችን ሞተር የምንንቀሳቀስ ነን። አንዳንዶቻችሁ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ ከመጣሏ በፊት እዚያ ትነዱ ነበር፤ ከሐዋሳና ከጋምቤላ የመጣችሁም ብትሆኑ ሞተር እዚህ ያያችሁት አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሙቀቱ ነው።

ስለ ሙቀቱ ከማውራቴ በፊት ግን ይህ ዕቃ ምን እንደሆነ እንይ፤ ምንነቱን ያላወቁት ዕቃ ሲታጠብ ይበላሻል። በዓረቦች አመፅ ታሪክ ስሙ የሚነሳው እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎረንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ከሞተር ወድቆ ራሱን ተመታና ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ነገሩን አልተወውም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መልእክት የሚያመላልሱ ባለሞተር ወታደሮችን ጉዳት ሲከታተል ቆይቶ በ1941 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ጥናቱን አወጣ፤ የእንግሊዝ ጦርም በዚያው ዓመት እነዚህ ወታደሮች ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች በ2008 በአንድ ላይ ሲገመገሙ፣ ሄልሜት ማድረግ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ ራስ ላይ የመጎዳትን ዕድል ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታየ። ሎተሪ ላይ እንዲህ ያለ ዕድል ቢሰጠን ማናችንም ቤታችን አንቀመጥም ነበር።

ብዙ ሰው የሚያድነው ጠንካራው የውጭ ቅርፊት ይመስለዋል። ቅርፊቱ ምቱን ይበትናል፣ ሹል ነገር እንዳይገባ ይከላከላል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከገበሩ ሥር ተደብቆ የሚኖረው ነጭ ፎም ነው፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ከሚመጣው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ይኼኛው ጠጠር ይላል እንጂ። ራስ አስፋልት ሲመታ ፎሙ ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅም አንጎል ላይ ይደርስ የነበረውን ጉልበት ይውጠዋል። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም። ይህን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ጁባ በየካቲትና በመጋቢት ቴርሞሜትሩ 38 ዲግሪ አካባቢ ቢውል ወሬ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል ሲተነበይ መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ዘጋ። በፌብሩዋሪ 2025ም እዚሁ ጁባ ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን እየሳቱ ሲወድቁ ትምህርት ቤቶች ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሞተረኛው ግን አይዘጋም። ጠዋት ያደረገውን ሄልሜት ማታ ያወርደዋል፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመስታወቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ ወይም ነዳጅ ጋኑ ላይ ፀሐይ ይመታዋል።

ላብ ከሰውነት ሲወጣ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፤ ውሃና ጨው ነው ማለት ይቻላል። ራስ ቆዳ ላይ ግን ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች ብዙ ናቸው። ቅባቱ፣ ላቡ፣ ፎሮፎሩና የሞተው ቆዳ ገበሩ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እርጥበቱና ሙቀቱ ሲገጣጠሙላቸው ቆዳችን ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ያንን ሁሉ እየበሉ ይራባሉ፤ እየሰባበሩት የሚያስቀሩት የቅባት አሲድ ነው አፍንጫ የሚሰነፍጠው። የበገመ ቅቤ ሽታ የሚመጣውም ከዚሁ የአሲድ ዘር ነው። ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ ሄልሜት የምታደርግ እህት ካለች እንግዲህ ነገሩን በሁለት በኩል እየመገበችው ነው፤ ቅቤውን ተዪ አልልም፣ ሻሽ ሳታስሪ አታድርጊው ግን እላለሁ። የዝናቡ ወቅት ሲገባ፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ ደግሞ ሻጋታ ይጨመርበታል። ማታ እርጥብ ሆኖ የተቀመጠ ሄልሜት ጠዋትም እርጥብ ነው።

ሰው ይህን ሽታ ለማጥፋት ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ ሽቶ ይነፋበታል። ከፈጣኖቹ መፍትሔዎች ሁሉ እንደዚህ የከፋ አላየሁም፤ አሮጌ ላብና ርካሽ ሽቶ አንድ ላይ ሲሞቁ የሚወጣውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዕጣን የሚያጨስበትም አለ። ወገኖቼ፣ አገር ቤት እናቶቻችን የጠላ ጋኑን ወይራ ከማጠናቸው በፊት ምን ያደርጉ ነበር? በግራዋ ፈትገው ያጥቡት ነበር። ያልታጠበ ጋን አጥና የምትጠምቅ ባለሙያ የለችም። ሄልሜትም እንደዚያው ነው፤ ቆሻሻው ሳይወጣ የሚጨመርበት መዓዛ ሁሉ ቆሻሻውን ይሸፍናል እንጂ አያስወግደውም። የእጅ ሳኒታይዘር የሚረጩም አሉ። አልኮሉ ባክቴሪያውን ይቀንሳል፤ ጨውና ቅባቱ ግን እዚያው ይቀራል፤ በሦስተኛው ቀን ሽታው ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ቤንዚን ነው። ጋራዥ ውስጥ ግራሶ የነካውን ሁሉ በቤንዚን የሚያጸዳ ልማድ አለ። መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ስለሚሸጥም ከውሃ ይልቅ እሱ ለእጅ የሚቀርብበት ቀን አለ። ሲጋራ የያዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ አጥፉልኝና ወደዚህ ጠረጴዛ እዩ። ይህ ከተሰበረ ሄልሜት ያወጣሁት ፎም ነው። በጠርሙስ ክዳን የያዝኩት ቤንዚን ነው። ጠብ አደረግሁበት። ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ፣ አይታያችሁም። ቀለጠ፤ እሳት ሳይነካው ሟሟና ጉድጓድ ሆነ። ቲነርና አሴቶን ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ፤ ቅርፊቱ የተሠራበትንም ፕላስቲክ ሳይሰበር ከውስጥ ያደክሙታል፣ በዓይን ሳይታይም ሊሰነጥቁት ይችላሉ። ከውጭ ሲያብረቀርቅ የምታዩት ሄልሜት ከገበሩ ሥር እንዲህ የተበላ ከሆነ ራስ ላይ የተቀመጠው ኮፍያ ነው።

በረኪናም አይሆንም። ጨርቁን ያሳሳል፣ ላስቲኩን ይበላል፣ የአገጭ ማሰሪያውን ስፌት ያደክማል። የፈላ ውሃም አይሆንም፤ ይህ ፎም ከ80 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቅርፁን መልቀቅ ይጀምራል። እንዲደርቅ ብላችሁ የሞቀ የጭስ ማውጫ አጠገብ ወይም ጀነሬተር ላይ አታስቀምጡት። ከመስታወት ላይ ማንጠልጠሉንም ተዉት፤ የመስታወቱ ጫፍ ፎሙን ቀስ በቀስ ይሰረጉደዋል።

ታዲያ እንዴት ይታጠብ? ሄልሜቱን ገልብጡና ጉንጭ የሚይዙትን ስፖንጆች በጣታችሁ ፈልጉ። ሻል ያለ ሄልሜት ከሆነ ትንንሽ ጠቅ የሚሉ ቁልፎች አሉት፤ ጣታችሁን ወደ ቁልፉ ሥር አስገብታችሁ ቁልፉን ራሱን ሳቡት እንጂ ስፖንጁን ጎትታችሁ አትንቀሉት፣ ይቀደዳል። ቀጥሎ የራስ ቅል ላይ የሚያርፈው ገበር ይወጣል። የትኛው ቀኝ፣ የትኛው ግራ እንደሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ሲመለስ አይገጥምም እያሉ የሚማረሩት ሳያነሱ የፈቱት ናቸው።

ለብ ያለ ውሃ በባልዲ። ከታንከር የተገዛ ውሃ ከሆነና ደለል ካለው መጀመሪያ አስቀምጡትና ይጥለል፤ የወንዝ ጭቃ ይዛችሁ ላብ አታጥቡም። በውሃው ላይ ጥቂት የሕፃናት ሻምፖ። ለምን የሕፃናት? ሻምፖ የተሠራው የራስ ቅባትን እንዲያወጣ ነው፤ የሕፃናቱ ደግሞ ለስለስ ያለ ስለሆነ ጨርቁንም ቆዳችሁንም አይጎዳም። የዱቄት ሳሙና ስፖንጅ ውስጥ ይቀራል፣ በላብ ሲረጥብ ግንባር ያሳክካል። ገበሩን ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉና በእጃችሁ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አድርጉት። የመጀመሪያው ውሃ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ የጁባ አቧራ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጥቁሩ ነው የእናንተ። ውሃው እስኪጠራ ለውጡ፤ አረፋ እንዳይቀር። ከዚያም እንደ ካልሲ አትጠምዝዙት፤ ስፖንጁ ቅርፁን ያጣል። በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት፣ ፎጣው ውሃውን ይጠጣዋል።

ባዶ የቀረውን ሄልሜት፣ ማለትም ፎሙንና ቅርፊቱን፣ በዚያው የሻምፖ ውሃ በነከራችሁት ለስላሳ ጨርቅ ጠርጉት፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ድገሙት። የአገጭ ማሰሪያውን አትርሱት፤ ዋናው የሽታ ጎጆ እሱ ነው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ አድርጉት። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹንም በዚያው ብሩሽ። ቀዳዳው በአቧራ ከተደፈነ አየር አይገባም፣ አየር ካልገባ ላቡ ይበዛል፤ ስለዚህ ይቺ ትንሽ ሥራ የሚቀጥለውን ሽታ ከወዲሁ ትቀንሳለች።

የፊት መስታወቱ ለብቻው ይታያል። ደረቅ ሆኖ እያለ በሸሚዝ እጅጌ የሚጠርግ ሰው መስታወቱን በአሸዋ እየፋቀ ነው። እርጥብ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል ጣል አድርጉበት፤ የደረቀው አቧራና የተለጠፈው ትንኝ ይርሳል፣ ከዚያ ሳይታሽ ይወርዳል። የቤት መስታወት ማጽጃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አሞኒያ አለ፣ ለዚህ ፕላስቲክ አይሆንም። የተጫጫረ መስታወት ቀን ቀን አያስቸግርም። ማታ ግን ከፊት የሚመጣው የመኪና መብራት ጭረቱ ላይ ይበተንና መንገዱ ይጠፋችኋል፤ የመንገድ መብራት በሌለበት ቦታ ደግሞ ይብሳል።

ማድረቁ ላይ ፀሐይዋን ተጠቀሙባት፣ ግን ለይታችሁ። የወጣውን ጨርቅ የጠዋት ፀሐይ ብታሳዩት አልጣላችሁም። ቅርፊቱንና ፎሙን ግን ጥላ ሥር፣ ንፋስ ባለበት ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ የፀሐይ ጨረር ፕላስቲኩን ከዓመት ዓመት ያረጀዋል። በበጋ ወራት ምሽቱን የታጠበ ጠዋት ይደርሳል። በዝናብ ወቅት ግን ማታ አጥቦ ጠዋት ማድረግ የማይታሰብ ነው፤ የዕረፍት ቀናችሁን ምረጡ፣ ወይም ቬንትሌተር ፊት አስቀምጡት።

በርካሽ የሚገዙት ብዙዎቹ ሄልሜቶች ገበራቸው በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ አይወጣም። እነሱን ባልዲ ውስጥ አትንከሯቸው። ፎሙ ውሃ አይጠጣም፣ በሙጫውና በጨርቁ መካከል የገባው ውሃ ግን ለቀናት አይወጣም፤ ሻጋታ ይሆናል። የሻምፖውን አረፋ ብቻ በስፖንጅ እየወሰዳችሁ እሹት፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት፣ በደረቅ ፎጣ ተጫኑት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ይወጣል። ልክ እንደሚወጣው ገበር ይጸዳል ብዬ አልዋሻችሁም።

ከታጠበና በደንብ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ሽታ ከቀረ ቤኪንግ ሶዳ ነው መድኃኒቱ። ማታ በትኑበት፣ ጠዋት አራግፉት። ቅድም ያልኳችሁን አሲድ ጨው አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ጨው ደግሞ አይተንም፣ ስለዚህ አይሸትም። ሥራ ውላችሁ ስትገቡም ሄልሜቱን ቦርሳ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት። በጋዜጣ ወረቀት ሙሉትና ክፍት ቦታ ይደር፤ እርጥበቱን ወረቀቱ ይወስደዋል። ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው በበጋ በየሳምንቱ ቢያጥብ አይበዛበትም። አልፎ አልፎ የሚነዳ በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል።

የጋራ ሄልሜት ነገር ግን ከጠረን ያልፋል። ጭርት የሚያመጣው ፈንገስ በኮፍያ፣ በማበጠሪያ፣ በፎጣ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ ለሄልሜት የተለየ ሕግ የለውም። ልጆቻችሁን በሞተር ትምህርት ቤት የምትልኩ ይህን አስቡት። ጎረቤቶቻችን በዚህ ላይ ትንሽ ቀድመውናል። ካምፓላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው የሞተር ታክሲ ኩባንያ ሴፍቦዳ ሞተረኞቹን ለተሳፋሪ ሁለተኛ ሄልሜት አስያዘ፤ ከሥሩ የሚደረግ ስስ የጸጉር መረብም አዘጋጀ። ኪጋሊ ደግሞ ተሳፋሪ ያለ ሄልሜት ሞተር ላይ አይወጣም። ከጎረቤት ራቅ ስንል ደግሞ ቬትናሞች መጀመሪያ ላይ በሙቀቱ ምክንያት ሄልሜትን የሩዝ መቀቀያ እያሉ ያፌዙበት ነበር። ኋላ ለሞቃት አገር የሚሆን ቀለል ያለ ሄልሜት እዚያው ተመረተላቸው፤ ሄልሜት ማድረግን የሚያስገድደው ሕግ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 15 ቀን 2007 ሥራ ላይ ሲውል ከአሥር ሞተረኞች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት አድርገው ወጡ። ሕጉ ብቻውን ያንን አላመጣም እላለሁ፤ ራስ ላይ የሚቆይ ሄልሜት መገኘቱም ነው።

እኛ ኩባንያ የለንም፤ ሻሽ ግን አለን። ቀጠን ያለ የጥጥ ሻሽ በቦርሳችሁ ያዙ፣ ከሄልሜቱ ሥር እሰሩት፣ ቤት ስትገቡ እጠቡት። ሹሩባችሁም አይበላሽም፣ የሌላ ሰው ላብም አይነካችሁም። ወንዶችም አትሳቁ፤ የእናንተም ራስ ቆዳ ነው። በተለይ ደንበኛ የሆናችሁትን ቦዳ ቦዳ ልጅ ሄልሜቱ ስለከረፋ ብቻ አታሳፍሩት። ሻምፖ ግዙለትና እንዴት እንደሚፈታ አሳዩት። ነገ የሚያጓጉዘው እናንተኑ ነው።

ይዛችሁ ቆዩልኝ ያልኩት ነገር ነበር። ስታጥቡ ገበሩ ሲወጣ ፎሙን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ አብዛኛው ሰው የገዛ ሄልሜቱን ፎም የሚያየው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። በጣታችሁ ዳብሱት። የተሰረጎደ፣ የተሰነጠቀ ወይም የሟሟ ቦታ ካገኛችሁ ማጠቡን እዚያው አቁሙ። ወድቆ ራስ የመታ ሄልሜትም፣ ከውጭ ምንም ባይታይበት፣ ሥራውን ጨርሷል። ካልወደቀም አምስት ዓመት ከሞላው መቀየር ይሻላል። እንዲህ ያለውን ሄልሜት አጥባችሁ ለሰው አትስጡ፣ እንዳለም አትጣሉት፤ አንስቶ የሚሸጠው አይጠፋም። መጀመሪያ የአገጭ ማሰሪያውን ከሁለቱም በኩል በመቀስ ቁረጡት፣ ከዚያ ጣሉት።

ጥያቄ ያላችሁ ወደዚህ ቅረቡ። ሄልሜት ይዛችሁ የመጣችሁም ይዛችሁት ኑ፤ ገበሩን እዚሁ እንፍታው።